ቦሰና ነጠላዋን ያዘቀዘቀችበት ጠዋት

በመርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ ከጋሽ ኑሪ ሱቅ በረንዳ ላይ ቦሰና የምትባል አንዲት ነጠላ ቋጪ ነበረች። አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ሰውነቷ ቀጭን፣ ጣቶቿ ግን የሌላ ሰው የሚመስሉ ጠንካራ ሴት ናት። እዚያች በረንዳ ላይ፣ ቁመቱ ከስንዝር በማይበልጥ ዱካ ላይ፣ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት።

የቋጪ ሥራ ምን እንደሆነ ብዙ ለባሾች እንኳ አያውቁትምና ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ነጠላ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ገና አላለቀም። በሁለቱ ጫፎቹ፣ ከባለ ቀለሙ ጥለት ማዶ፣ ያልተሸመነ ድር ተንጨባሮ ይተርፋል። እንዲሁ ከተተወ በሁለትና በሦስት እጥበት ሸማው ከጫፉ እየተተረተረ ይሄዳል። ቦሰና ከዚህ ድር ጥቂት ክር ትለይና ጭኗ ላይ በመዳፏ ወደ ፊት ታከረዋለች። ከጎኑ ያለውንም እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ስትለቃቸው እርስ በርሳቸው ይጠመጠማሉ። ነገሩ የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ፊት የከረረ ክር ወደ ኋላ ሲለቀቅ ማንም ሳያስረው ራሱን በራሱ ይይዛል። ጫፉን ስትቋጥረው አንድ ዘርፍ ሆነ። ለአንድ ነጠላ እንዲህ ያለ ዘርፍ በመቶ የሚቆጠር ያስፈልጋል። ቦሰና ይህን ሁሉ ስትሠራ ክሩን አታየውም፤ መንገዱን ነው የምታየው።

ሸማው ቀኑን ሙሉ የሚውለው ጭኗ ላይ ስለሆነ የቋጪ ጭን እንደ ገበታ ንጹሕ መሆን አለበት። አንዲት የጭቃ ነጠብጣብ የደንበኛን አዲስ ነጠላ ታበላሻለች። ቦሰና በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ነጠላ አላቆሸሸችም፤ የምትኮራውም በዚህ ነው።

ሁለተኛው ኩራቷ አለባበስ ነው። ነጠላ የሚገዙ ወጣት ሴቶች ሲመጡ ጋሽ ኑሪ ራሱ ወደ እሷ ይልካቸዋል። ቦሰና ብድግ ትልና በራሷ ትከሻ ላይ ታሳያቸዋለች። ለአዘቦት እንዲህ ነው፤ ትከሻ ላይ ጣል ይደረግና አንዱ ጫፍ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ብርድ ሲሆን ወይም ፀሐይ ስትበረታ መከናነብ ነው። ለሥራ ወገብ ላይ ማሸረጥ። ለቤተ ክርስቲያን ደረት ላይ አመሳቅሎ ማጣፋት።

«ሲያዩት እኮ አንድ ጨርቅ ነው፤ ስንት ነገር ይናገራል መሰላችሁ» ትላለች።

አንድ አለባበስ ግን በራሷ ላይ አታሳይም። እሱም ማዘቅዘቅ ነው፤ ጥለቱ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ወደ ፊት ሲወጣ። ሰው የሞተባት ሴት እንዲህ ትለብሳለች። ያያት ሁሉ ምንም ሳይጠይቅ ይገባዋል። ቦሰና እዚህ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ሳትነካ በእጇ አየር ላይ ታዞርና «ይኼን ሲደርስ ታውቁታላችሁ፤ አያድርስባችሁ» ብላ ትቀመጣለች።

እንዲህ የምትጠነቀቀው ለአንድ ሰው ብላ ነው። አሸብር ለሚባለው ወንድሟ።

እናትና አባታቸው ጎጃም ውስጥ በአንድ ክረምት በበሽታ ሲሞቱ እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሱ ሦስት። በአንዲት ነጠላ አዝላው ነው ወደ አዲስ አበባ የመጣችው። ያች ነጠላ ቀን ማዘያ፣ ማታ ብርድ ልብስ፣ ዝናብ ሲመጣ ጣራ ነበረች። ሰው ቤት እንጨት ፈልጣ፣ ውሃ ቀድታ አሳደገችው። ሊያገባት የፈለገ አንድ ደህና ሰው «ልጁን ለዘመድ ስጪና ነይ» ቢላት፣ የሚያሳድገው ዘመድ የለንም ብላ መለሰችለት። ሌላ ሰው አልጠየቃትም፤ እሷም አላዘነችበትም።

አሸብር ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። በአሰብ መንገድ ተሳቢ ይነዳል። ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ለመንገዱ አቧራና ለቆላው ፀሐይ ብላ አንዲት ስስ የወንድ ነጠላ ቋጭታ ሰጥታዋለች፤ ሲነዳ አንገቱ ላይ ይጠመጥማታል። በመጣ ቁጥር ታዲያ ሦስትና አራት ዘርፍ ተፈቶ ይገኛል።

«ምን ስትሆን ነው የምትፈታው?» ትለዋለች።

«እታለም፣ ቋጠሮሽ ደካማ ነው። ጋሽ ኑሪ ቢሰማ ያባርርሻል።»

«የእኔ ቋጠሮ? አሥራ አንድ ዓመት አንድ ደንበኛ አልመለሰልኝም።»

«እኔ መለስኩልሽ እንግዲህ።»

ከዚያ ከአሰብ ያመጣውን ተምር ወረቀት ላይ ዘርግቶ በረንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። እሷ የተፈቱትን ስትቋጭ እሱ የመንገዱን ያወራል። ቋጭታ እስክትጨርስ አይነሣም።

በዚያ ሰኔ ግን አሸብር ዘገየ። ሁለት ሳምንቱ አለፈ፤ አራት ቀን ተጨመረ። ቦሰና ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ዓይኗ ግን ከሲኒማ ራስ በኩል ከሚመጣው መንገድ አልነቀል አለ። ከጎኗ ጥጥና ፈትል የምትሸጠው ፈሪዳ፣ አፏ የማያርፍ የስልጤ ሴት፣ ሰኞ ዕለት እንዲህ ስትል ቀለደችባት፦

«አንቺ፣ የምትጠብቂው ወንድም ነው ባል? አንገትሽ ረዘመ እኮ።»

«ባልሽን ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ነው እንዳይመጣ የሚጸልየው» አለች ቦሰና። ፈሪዳ ሳቀች። ጋሽ ኑሪም ከውስጥ ሳቀ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፈሪዳ ጥጧን ትታ ወደ ሰባተኛ ሰፈር ሄደችና ሳትመለስ ዋለች። ረቡዕ ስትመጣ አልቀለደችም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጣችና ቦሰና ፊት አስቀመጠች። «ጠጪ» አለችና ወደ ጥጧ ተመለሰች።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ኑሪ አዲስ የመጡትን ነጠላዎች አልሰጣትም። «ዛሬ ዕረፊ፤ ሰውነትሽ ደክሟል» አላት። የዕድር ዳኛው ጋሽ ገብረ ኢየሱስ፣ ዘወትር ከሩቅ ራሱን ነቅንቆ የሚያልፍ ሰው፣ በረንዳው ድረስ መጥቶ ስለ ጤናዋ ጠየቃት። ጎጃም ያሉት አጎቷ መቼ ከተማ እንደመጡም ጠየቀ። ለወትሮው ዋጋ ካላስቀነሰች የማትሄድ አንዲት ደንበኛ የተጠየቀችውን ዝም ብላ ከፈለችና ፊቷን አዙራ ሄደች።

ቦሰና ይህን ሁሉ አየች፤ አገናኘች፤ የተሳሳተ ነገርም ገባት። ጋሽ ኑሪ በረንዳውን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው፣ ሁሉም ሰምተዋል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት ብላ አሰበች። ሲመሽ ሱቅ ሲዘጋ ጠብቃ ጠየቀችው።

«ጋሽ ኑሪ፣ ሊያስነሡኝ ከሆነ ይንገሩኝ። እኔ ልጅ አይደለሁም።»

ጋሽ ኑሪ ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። «ማን ያስነሣሻል ቦሰና? እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ የሚያስነሣሽ የለም።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?»

«ምን ሆንን? ዝናቡ ነው» አለና መቆለፉን አረጋግጦ ሳይሰናበታት ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ያካፋ ነበር። ቦሰና ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ሳለች አንዲት ሴት ለሌላዋ ስትናገር ሰማች። «ሌሊት የአሰብ መኪኖች ገብተዋል፤ ድምፃቸው አላስተኛኝም» ትላለች። ቦሰና እንስራዋን ሳትሞላ ለጎረቤት አስረክባ መንገድ ጀመረች። አሸብር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በረንዳው ነው። እሷን ካጣ ደግሞ ተምሩን ለፈሪዳ ሰጥቶ ሊሄድ ይችላል፤ ፈሪዳ ደግሞ ትበላዋለች።

ሰባተኛን አልፋ ቁልቁል ስትወርድ ጭቃው አዳለጣት። በጉልበቷ ወደቀች። ሰውነቷ አልተጎዳም፤ ስትነሣ ግን የነጠላዋ የታችኛው ጫፍ፣ ጥለቱ በሙሉ፣ በቀይ ጭቃ ተነክሮ ነበር።

እዚህ ላይ ቦሰና ያሰበችውን በሥርዓቱ መከተል ያስፈልጋል፤ ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነውና። ያሰበችው እንደ ቋጪ ነው። ጥለቱ እንደ አዘቦቱ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ስትቀመጥ ጭኗን ይነካል። ጭኗ ከቆሸሸ የደንበኛ ነጠላ ይቆሽሻል። አውልቃ እንዳትጠቀልለው ካፊያው አለ፤ ቀሚሷም ስስ ነው። ከጋሽ ኑሪ ሱቅ ጀርባ የቧንቧ ውሃ አለ፤ እዚያ ደርሳ ታጥበዋለች። እስከዚያ ግን የቆሸሸው ጫፍ ከልብሷ ርቆ መቆየት አለበት። ስለዚህ ነጠላውን ገለበጠችውና ጭቃ የነካውን ጥለት ወደ ላይ አውጥታ አንገቷ ዙሪያ ያዘችው። ምን እንደሚመስል አላጣችውም። እጇ ለአፍታ አመነታ። ከዚያ፣ የጭቃ ነገር ነው፣ ሩቅም አይደለም፣ አሸብር ደግሞ እየጠበቀ ነው አለችና ፈጠነች።

በምን አለሽ ተራ በኩል ነው የምታልፈው። ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ዘወትር ጆሮ ያደነቁራሉ። ያን ጠዋት እሷ ስትቀርብ መዶሻው አንድ በአንድ ዝም አለ። አንዱ ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ካፊያው በርትቶባቸው ሥራ ያቆሙ መሰላት።

ሸማ ተራ ስትደርስ በረንዳው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ፈሪዳ ብቻ ናት ያለችው፤ የጥጥ ከረጢት እየፈታች። ቀና ብላ ቦሰናን አየች። ጥለቱን አየች። ከረጢቱ ከእጇ ወደቀና ጥጡ እርጥቡ መሬት ላይ ተበተነ። ፈሪዳ ግን ለጥጡ አላሰበችም፤ ሮጣ መጥታ ቦሰናን አንገቷን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች።

ቦሰና በመጀመሪያ ሳቋ መጣ። «ፈሪዳ፣ ጭቃ ነው እኮ። ወድቄ ነው። ልቀቂኝ፣ ልብስሽን ታቆሽሺዋለሽ።»

ፈሪዳ አልሰማችም፤ ለቅሶው ጆሮዋን ደፍኖታል። «ማን ነገረሽ እህቴ? ለእሁድ ነበር እኮ የተባለው። ብቻሽን ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

የፈሪዳ ክንድ ቦሰና አንገት ላይ እንዳለ ደረቀ። ቀስ ብላ ተላቀቀችና ፊቷን አየችው። ቦሰና እንባ የሌለበት፣ በዝናብ ብቻ የራሰ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ቆማለች።

«ምኑን ነው የሚነግሩኝ ፈሪዳ?»

ፈሪዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያ አፍ ግን ጨርሶታል። ጋሽ ኑሪ ከሱቁ ወጣ፤ ሁለቱንም አየ፤ ነጠላውንም አየና ምን እንደተፈጠረ ገባው። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ በቀስታ። ከዚያ ሌላ ነገር ስላጣ የሱቁን በር መዝጋት ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አሸብር ከአሰብ ሲመለስ ባቲ ላይ በቆላ ንዳድ ታሞ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሐሙስ ዕለት፣ ሞተ። እዚያው ተቀበረ። ረዳቱ ረዲ ማክሰኞ ዕለት አዲስ አበባ ገብቶ ወሬውን ለጋሽ ኑሪ ነገረ። መርዶ ደግሞ እንደ ገበያ ወሬ አይወራም። ሰዓት አለው፤ ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው ያስፈልገዋል፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ በግራና በቀኝ ቆሞ ነው። ቦሰና ያላት አንድ አጎት ጎጃም ነው ያለው። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ መልእክት ላከበትና አጎቷ ቅዳሜ እንደሚገባ ሲታወቅ መርዶው ለእሁድ ንጋት ተቆረጠ። እስከዚያ ክርስቲያኑም እስላሙም አፉን ሊይዝ ተማማለ። አንድ ሙሉ ተራ ምስጢር ሦስት ቀን ጠበቀ፤ መርካቶ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለቦሰና ሲሉ ነው የጠበቁት። ነጠላዋን ያየ ሁሉ ግን አንድ ሰው ቀድሞ እንደነገራት ነው ያሰበው። ቦሰና ነጠላዋን ያለ ምክንያት እንደማታዘቀዝቅ ያልተማረ ሰው በዚያ ተራ የለም።

ቦሰና አልጮኸችም። በረንዳው ላይ፣ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ሴቶች ከየሱቁ መጥተው ከበቧት፤ አንዳንዶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እሷ ጭኗን ነው የምታየው። ጭቃው ከአንገቷ በዝናቡ እየተንጠባጠበ ቀሚሷ ላይ ወርዷል።

ከሰዓት በኋላ ረዲን አመጡላት። ራሱ በንዳዱ የከሳ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሣ ወጣት ነው። እንዴት እንደታመመ፣ ማን እንዳስታመመው፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተቀበረ ነገራት። ቦሰና እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ነጠላውን፣ እትዬ። ነጭ ጨርቅ ቶሎ አላገኘንም። እርስዎ በቋጩለት ነጠላ ነው የገነዙት።»

«ዘርፉስ? ተፈቶ ነበር?»

ሴቶቹ ተያዩ። ረዲ ግን ጥያቄው ገባው፤ ገብቶትም ፊቱ ተጨማደደ። «አልተፈታም እትዬ። ሁሉም ደህና ነበር። እሱ እኮ ራሱ ነበር የሚፈታው። ሁልጊዜ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ጣርማ በርን ስናልፍ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በጥርሱ ይፈታዋል። ለምን ስለው፣ ‘እታለም እሱን ስትቋጭ እዚያ ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፤ ካልተፈታ ሥራ አለብኝ ብላ ታባርረኛለች’ ይለኝ ነበር። በዚህኛው ጉዞ ጣርማ በር አልደረስንማ።»

ቦሰና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ዓመቱ እንዲሁ አለፈ። ሙት ዓመቱ ወጣ፤ ቄሶቹ ፈቱት፤ ጥቁሯን ቀሚስ አወለቀች። ወደ በረንዳዋ ከተመለሰች ቆይታለች። ቋጠሮዋ እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ጠንክሮ አንዳንድ ደንበኛ ዘርፉ እንደ ሽቦ ሆነብን ይላል። ለገዢዎች አለባበስ ማሳየት ግን ትታለች። ነጠላዋም አልወረደም። ጥለቱ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተጎዳችው ፈሪዳ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ከጎኗ ተቀምጣ አንድም ቀን አልቀለደችም። ሻይ ታመጣለች፣ ብርጭቆውን ትወስዳለች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ገበያው ገና ሳይሞቅ፣ ጥጧን ትታ መጥታ ቦሰና ፊት ቁጢጥ አለች።

«ዓመቱ አለፈ እኮ ቦሰና። መልሺው እንጂ። ሰው ይታዘብሻል።»

«ይታዘበኝ።»

«በእኔ ከሆነ፣ አፌን ቆርጬ ብጥለው…»

«ባንቺ አይደለም።» ቦሰና ሥራዋን አቆመች። «እኔ ነኝ ያዘቀዘቅሁት። ማንም ሳይሞትብኝ በገዛ እጄ።»

«ሞቶ ነበር እኮ! ካረፈ ስምንት ቀን አልፎት ነበር። አንቺ ያዘቀዘቅሽው ዓርብ፣ እሱ ደግሞ…»

«አውቃለሁ ፈሪዳ። ቀን መቁጠር አያቅተኝም። ለእናንተ ማክሰኞ ሞተ። ለእኔ ግን ዓርብ ጠዋት ቁልቁል ስሮጥ በሕይወት ነበረ። ተምር ይዞ እዚች ጋ ተቀምጦ ነበር። ያን ጭቃ ትቼው ብመጣ ኖሮ እስከ እሁድ ይቆይልኝ ነበር። ሁለት ቀን ጎደለብኝ።»

ፈሪዳ እጇን ዘረጋችና የጥለቱን ጫፍ፣ ብዙ ታጥቦም የጭቃው ቅላት ያልለቀቀውን፣ በሁለት ጣቷ ያዘች። ወደ ታች ልታወርደው ቀስ ብላ ሳበችው።

ቦሰና እጇን በእጇ ላይ ጫነችባት።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለቻት።

«ዓርብ።»

«እንግዲያው እስከ እሁድ ተይኝ።»

ፈሪዳ ጥለቱን ለቀቀች። ቦሰና ጭኗ ላይ የነበረውን አዲስ ነጠላ አስተካከለች፣ ከድሩ ጥቂት ክር ለየች፣ በመዳፏም ወደ ፊት አከረረችው።